የእድሩ ቁልፍ ከሚስማሩ የወረደበት እሑድ

የምስክር ስም፦ ማራኪ ፈጠነ
ዕድሜ፦ 17
ሥራ፦ ተማሪ
አድራሻ፦ ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ዓለም ባንክ አካባቢ
ጉዳዩ፦ የእድር ዕቃ ቤት ጓጉንቸር ሰብሮ ድንኳን ስለ መውሰድ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ምስክሯ ዕድሜዋ 18 ዓመት ስላልሞላ እናቷ ወ/ሮ ሰብሌ ጉልላት አብረው ተገኝተዋል።

ተጠርጣሪው አቶ ወዬሳ የሰፈራችን እድር ንብረት ጠባቂ ናቸው። ዝምድናም ጠብም የለንም። አመልካቹ፣ የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ጉልላት ግን የእናቴ አባት ናቸው። የምኖረው በቤታቸው፣ የምበላው ከትሪያቸው ነው። ሌላ ሰው ከሚናገረው ብዬ አስቀድሜ አስመዝግቤያለሁ።

የእድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ግቢያችን ውስጥ ይገኛል። ቁልፉ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ በረንዳችን ላይ ከሚስማር ተንጠልጥሎ ነው የማውቀው። ሐዘን የደረሰበት ሰው፣ አባልም ይሁን ተከራይ፣ ቁልፉን ያነሳል፤ ድንኳኑ ይሄዳል። ጥያቄ ካለ ከሠልስት በኋላ ነው። ደንቡ ለአባል ብቻ ይላል ሲባል ሰምቻለሁ። አያቴ ግን መነጽር የሚያደርጉት ለቴሌቪዥን ዜና ስለሆነ ደንቡን ያነበቡት አይመስለኝም።

ከፋሲካ በኋላ ውዳሴ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ እድር እንዴት እንደሚወስን ለማጥናት የእሑድ ስብሰባችንን መከታተል ጀመረች። ጥግ ይዛ ትጽፋለች እንጂ አትናገርም። ስብሰባው በረንዳችን ላይ ስለሆነ እኔም በመስኮት አያለሁ። ልጅቷ ከመጣች ወዲህ ሽማግሌዎቹ ሌላ ሰው ሆኑ። ድሮ ሁሉም እኩል የሚጮኹት ሰዎች እጅ እያወጡ “ክቡር ሰብሳቢ” መባባል ያዙ። አያቴ ለእናቴ ሰርግ የገዙትን ክራቫት ከሳጥን አወጡ። የማስርላቸው እኔ ነኝ። “ጠበቅ አድርጊው፣ ጥናት ነው” ይሉኛል። ውዳሴ ከበር እንደወጣች ክራቫቱ ይወልቃል፣ ጩኸቱም ይመለሳል።

እሑድ ሰኔ 8 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከኋላችን ተከራይቶ የሚኖረው ደሜ ዝናብ እንደመታው ገባ። ሚስቱ ሆስፒታል ማረፏን ተናግሮ እጁን ወደ ሚስማሩ ዘረጋ። አያቴ ወደ ውዳሴ አዩ። እየጻፈች ነበር።

“ቆይ ደሜ፣ አባል ነህ?” አሉት።

ደሜ ጥያቄው አልገባውም። እኔም አልገባኝም፤ እንዲህ ተጠይቆ አያውቅምና። አያቴ ቁልፉን ኮታቸው ኪስ ከተው ድምፅ አስሰጡ። አይሰጠው የሚሉ እጆች ወጡ። እጅ ያወጡት ሰዎች የሚያዩት ደሜን ሳይሆን የውዳሴን እስክሪብቶ ነበር።

አቶ ወዬሳ ተነስተው “ጋሽ ጉልላት፣ ሬሳ ቃለ ጉባኤ አይጠብቅም። ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ነው፤ ቁልፉን ይስጡኝ” አሉ።

“ሥነ ሥርዓት!” አሉ አያቴ።

አቶ ወዬሳ በሁላችንም ፊት ጓጉንቸሩን በመዶሻ ሰብረው ድንኳኑን ከደሜ ጋር ተሸክመው ወጡ። የደበቁት ነገር የለም፤ ድንኳኑ እስከ ዛሬ ደሜ ደጅ ተተክሎ ይታያል። አያቴ “እንግዳ ፊት አዋረደኝ” ብለው ከሰሱ። አቶ ወዬሳ ከትናንት ጀምሮ ታስረዋል። ያደረጉት እድሩ ሁልጊዜ የሚያደርገውን ነው። የዚያን ቀን የተለየው ሌላው ሰው ሁሉ ነው።

ትናንት ውዳሴን ጦር ኃይሎች አካባቢ ታክሲ ስትጠብቅ አግኝቼ መጥታ ያየችውን እንድትናገር ጠየቅኋት።

“እኔ እኮ ታዛቢ ብቻ ነኝ፣ ማራኪ። በነገሩ እጄን አላስገባም” አለችኝ።

“ታዲያ ክራቫቱ ለማን ነበር?” አልኳት።

የምትጠብቀው ታክሲ ሞልቶ ሄደ፤ አልተሳፈረችም። ቆይታ “ስብሰባው ላይ እኔ የሌለሁ አስመስዬ ነበር የምጽፈው። እኔ የሌለሁበት ጽሑፍ ደግሞ ውሸት ነው” አለች። አሁን ኮሪደር ላይ ቃሏን ለመስጠት ተራ እየጠበቀች ነው።

እኔም ብሆን መርማሪው መጻፍ ሲጀምሩ ቀጥ ብዬ እንደ ዜና አንባቢ መናገር ጀምሬ ነበር፤ እናቴ በክርኗ ጎሸም ስታደርገኝ ተውኩት። ይህም እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ።

ቃሌ ሲነበብልኝ አያቴ ደጅ አግዳሚው ላይ ሆነው ይሰሙ ኖሯል፤ አስፈቅደው ገቡ። ክራቫት አላሰሩም። “ያለችው ልክ ነው። ክሱን ትቻለሁ፣ ወዬሳን ልቀቁልኝ። የክራቫቱ ነገር ግን ይሰረዝ” አሉ።

“አባባ፣ እሱ ከተሰረዘማ ሌላው ለማንም አይገባም” አልኩ።

መርማሪው እስክሪብቶ እንዳነሱ ቀሩ። አያቴ ትንሽ አስበው ከኪሳቸው አዲስ ጓጉንቸር ከሁለት ቁልፍ ጋር አውጥተው እጄ ላይ አኖሩ። “እንግዲያው ይቆይ። አንዱን ቁልፍ ሚስማሩ ላይ ስቀይው፤ አንዱን ለወዬሳ ስጪልኝ” አሉ።

ይህን ቃል በፈቃዴ ሰጥቼ፣ ተነቦልኝ፣ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። የምጨምረውም የምቀንሰውም የለኝም፤ በተለይ ክራቫቱን።

የምስክር ፊርማ፦ ማራኪ ፈጠነ
የእናት ፊርማ፦ ሰብሌ ጉልላት
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ረሻድ