የሚያቃስተው ግድግዳ

ከዝናብ ልጠለል ብዬ ወደ አሮጌው የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ስገባ፣ በተተወ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ደረስኩ። አንደኛው ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው፤ ሌላዋ የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት፣ መሐንዲስ። ሕንፃው ይፍረስ ወይስ ታድሶ ቢሮ ይሁን የሚለውን የሚወስነው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሽማግሌው ነበሩ።

«ግድግዳው እንደ አለት ነው፤ ስለምን ይፈርሳል አጎቴ?» አለች።

«ዝም ብለሽ ስሚ።»

ሁላችንም ጆሯችንን ሰጠን። ከግድግዳው ውስጥ ደረቱን የታመመ ሰው የመሰለ ረጅም ትንፋሽ እየተሳበ መጣ፤ ቆመ፤ ደግሞ ጀመረ።

«አባትሽ እዚህ እያስተማረ ነው የወደቀው» አሉ መምህሩ። «የመጨረሻ ትንፋሹ እስኪወጣ ታቅፌው ነበር። ይኸው፣ ያ ድምፅ ነው። በዚህ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተሽ ሰው ልታስቀምጪ?»

ፊቷ ገረጣ። «እኔ የአባቴን ድምፅ አላውቀውም፤ ሲሞት ሕፃን ነበርኩ፤ የእሱ ቢሆን ደስ ባለኝ። ግን የድሮ ግንበኞች በግድግዳው ውስጥ የአየር መተላለፊያ ትተው ነበር። ኋላ የአየር ማቀዝቀዣ ሲገባ ተደፈነ። የታፈነ ነገር ያቃስታል።»

«ይፍረስና ይገላግለን!»

«ፍርስራሹ የት ይጣላል? አቧራውንስ የማን ልጅ ይተነፍሰዋል? ለአዲሱ ደግሞ ስንት ድንጋይ ይፈለጣል፣ ለሲሚንቶውስ ስንት ነዳጅ ይቃጠላል? ያረጀ ይጦራል እንጂ ይገደላል እንዴ?»

«እኔን መሆኑ ነው?» አሉ ሽማግሌው፤ ፈገግታ ቃጥቷቸው ጠፋ።

ግንበኛ አስጠርታ ድፍኑን አስከፈተች። ጠመኔ ጠመኔ የሚል ቀዝቃዛ አየር ፊታችንን መታን። ማቃሰቱ ቀጥ አለ። ዝምታው ግን ከድምፁ ይበልጥ ያስፈራ ነበር። መምህሩ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው፣ «ወንድም ጋሼ?» አሉ በሹክሹክታ።

የመለሰላቸው አልነበረም።

«ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ስሸሽ የኖርኩት ከነፋስ ነው» አሉና እንባቸውን ጠረጉ።

«ይሁን እንጂ፣ የአባቴ እግር የረገጠው ወለል ይኸው አለ» አለች ቀስ ብላ። «ከፈረሰ እኔ የአባቴን ምን አየሁ እላለሁ?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ወለሉን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ይታደስ» አሉ።

ዛሬ እኔም የምሠራው እዚያው ነው። በበጋ ማቀዝቀዣ ሳንከፍት አየሩ ራሱ ይመላለሳል፤ እስኪመሽ መብራት አንሻም፤ የክፍሎቹ በሮች ተገዝግዘው ጠረጴዛ ሆነውልናል፤ ከጣሪያው የሚጠራቀመው የዝናብ ውሃ መጸዳጃ ቤቱን ያጥባል። ያለውን መጠገን ከንፉግነት እንደማይቆጠር ሰፈሩም ተምሯል።

አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ስለ አዳራሹ ምንም አንነግረውም። በሩን ሲያልፍ ግን፣ ማንም ሳያዘው፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።