ለማይጮሁት በር ያስንኳኩት የዶኛ ኦቲሊያ ማንሲያ ዜና ሕይወት

ዛሬ በዚህ በቫልፓራይሶ፣ በኮርዲዬራ ኮረብታ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበን የምንሸኛቸው ዶኛ ኦቲሊያ ማንሲያ፣ ከአባታቸው ከጀልባ ሠሪው ከዶን ኤሌውቴሪዮ ማንሲያና ከእናታቸው ከዶኛ ክሎሪንዳ ቪዳል፣ በቺሎኤ ደሴቶች በአቻዎ ከተማ፣ በ1949 በሐምሌ ወር፣ ዝናቡ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሳያባራ በቆየበት ሰሞን ተወለዱ። ከሰባት ልጆች የመጨረሻ ነበሩና፣ ነፍስ ሲያውቁ ታላላቆቻቸው በግ ለመሸለት ወደ ደቡብ ሄደው ስለነበር፣ ለዘጠኝ ሰው በተሠራው ገበታ ላይ ከወላጆቻቸው ጋር ሦስት ሆነው እየበሉ አደጉ።

ትምህርታቸውን በመነኮሳት ትምህርት ቤት ሲከታተሉ በሒሳብ የሚስተካከላቸው አልነበረም። ነገር ግን ከዝምታቸው ብዛት መምህርታቸው ስም ሲጠሩ «ኦቲሊያ፣ አለሽ ወይስ የለሽም?» እያሉ ሁለቴ ይጠሯቸው ነበር። እርሳቸውም እጃቸውን ያነሱ ነበር እንጂ «አለሁ» ሲሉ የሰማቸው የለም።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በመርከብ ወደ ቫልፓራይሶ መጥተው አክስታቸው ቤት ካረፉ በኋላ፣ በጡረታ መሥሪያ ቤት በካርድ በሺነት ተቀጠሩ። በዚያ ዘመን የእያንዳንዱ ጡረተኛ ስም በካርድ ላይ እየተበሳ ሜይንፍሬም ለሚባለው፣ አንድ ክፍል ሙሉ ለሚይዘው ትልቅ ኮምፒዩተር ይሰጥ ነበር። ዶኛ ኦቲሊያ ምሳቸውን እዚያው ማሽኑ አጠገብ እየበሉ፣ መዝገበ ቃላት በአንድ እጅ ይዘው፣ ኮቦል የተባለውን የማሽኑን ቋንቋ ያለ አስተማሪ ተምረው የፕሮግራም ጸሐፊ ለመሆን በቁ።

በ1975 የመርከብ ወጥ ሠሪ ከነበሩት ከዶን ሬሚሂዮ ካርካሞ ጋር ጋብቻ ፈጽመው አንድ ልጃቸውን አሪኤልን ወለዱ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ባለቤታቸው የሚሠሩባት መርከብ ከነሰዎቿ ባሕር ላይ ጠፋች። አስከሬን ስላልተገኘ ዶን ሬሚሂዮ በመዝገብ ላይ አራት ዓመት ሙሉ በሕይወት እንዳሉ ተቆጠሩ። ዶኛ ኦቲሊያ ከዚያ ወዲህ ሌላ ትዳር ሳይሹ፣ የዚያን ባሕር የአየር ሁኔታ ዜና በየማለዳው በሬዲዮ ሲያዳምጡ ኖሩ፤ የሚጠብቁት ሰው እንደሌለ እያወቁ ያዳምጡ ነበር።

በሥራቸው ላይ የሠሩት አንድ ስሕተት ሕይወታቸውን እንደለወጠው ራሳቸው ይናገሩ ነበር። እንደሚታወቀው ጡረተኛ ሁሉ በሕይወት መኖሩን በአካል ቀርቦ ማስመስከር አለበት። እርሳቸው የጻፉትም ፕሮግራም ሦስት ወር ያልቀረበውን ሰው «ሟች» ብሎ ይመዘግብ ነበር። በ1984 አንድ ሽማግሌ በክራንች እየተደገፉ ገብተው፣ «እኔ ሟቹ አቤሊኖ ነኝ! ለሟች መቀመጫ የላችሁም?» ብለው ጮኹ። ቢሮው በሙሉ ሲስቅ ያልሳቁት ዶኛ ኦቲሊያ ብቻ ነበሩ። «አባባ፣ እግርዎ ሲሰበር ሰው አይልኩም ነበር?» ቢሏቸው፣ «ማንን ልላክ ልጄ? ድመቷን?» አሏቸው።

በዚያው ሳምንት አዲስ ፕሮግራም ጻፉ። ብቻቸውን የሚኖሩትንና ሳይቀርቡ የቀሩትን ከመዝገቡ ለይቶ በየወሩ ዝርዝር ያወጣል፤ በዝርዝሩም መሠረት ጎብኚ ሠራተኞች በየኮረብታው እየወጡ በር ያንኳኳሉ። ስሙንም አቤሊኖ አሉት፤ ምን እንደሚሠራ ግን የትም አልጻፉም፤ ሁሉም የሚያውቀው መስሏቸው ነበር።

በ2009 ጡረታ ወጡ። ልጃቸው አሪኤል ሰሜን ማዕድን ማውጫ ሥራ ይዞ ስለሄደ፣ ዝናብ ሲዘንብ ሶፓይፒያ የሚባለውን የዱባ ቂጣቸውን ለሁለት ሰው የሚበቃ ጠብሰው፣ የተረፈውን በማግስቱ ብቻቸውን ይበሉ ነበር። ለማንም ግን ከፍቶኝ ነው ብለው አያውቁም።

በ2021 መሥሪያ ቤቱ አሮጌውን አሠራር ሊያድስ ተነሣ። ዋናው መዝገብ በትልቁ ማሽን ላይ እንዲቆይ፣ ሌላው ሥራ ግን ክላውድ ወደሚባለው፣ በኢንተርኔት ወደሚከራዩት የሩቅ ኮምፒዩተሮች እንዲዛወር ተወሰነ። ኮቦል የሚያነብ ሰው ስላልተገኘ ወጣቱ መሐንዲስ ዳንኮ መጥቶ ዶኛ ኦቲሊያን ወሰዳቸው። እነዳንኮ ባለቤቱ ያልታወቀ ፕሮግራም ሲያገኙ ዘግተውት ሠላሳ ቀን ይጠብቃሉ፤ የጮኸ ሰው ከሌለ ይጥሉታል። በሥራው ዓለም የታወቀ ልማድ ነው።

«ዶኛ ኦቲ፣ አቤሊኖ የሚባለውን ዘጋነው» አላቸው እየሳቀ። «ሁለት ወር ሆነው፣ ትንፍሽ ያለ የለም። ቀበርነው በቃ!»

«ማን እንዲጮህ ነበር የጠበቃችሁት?»

«ተጠቃሚው ነዋ።»

«የሚጮህለት ሰው ቢኖረው ስሙ እዚያ ውስጥ መች ይገባ ነበር?»

ጎብኚዎቹም ዝርዝሩ መምጣት ሲያቆም ጉብኝቱ የተሰረዘ መስሏቸው ተቀምጠው ነበር። ዶኛ ኦቲሊያ የመጨረሻውን ዝርዝር በቦርሳቸው ከትተው፣ በሰባ ሁለት ዓመታቸው የኮረብታውን ደረጃ ሁሉ ዳንኮን አስከትለው ወጡ። ሦስተኛው በር ብዙ ከተንኳኳ በኋላ ከውስጥ፣ «ማነው? ሞት ከሆንክ ተመለስ፣ ምሳዬን አልበላሁም!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ውስጥ የተኙት ዶን ሴሌዶኒዮ የተባሉ ጡረተኛ ነበሩ፤ ከአልጋ መነሣት ካቃታቸው ሰንብተዋል፤ በመስኮት ዳቦ ከምታቀብላቸው የዳቦ ሻጭ በቀር የሚያያቸው አልነበረም። «ሰዎች ናችሁ እንዴ? ግቡ፣ ግቡ። ሁለት ወር ሙሉ ያንኳኳልኝ ነፋስ ብቻ ነው» አሉ። ዳንኮ ሾርባ አሙቆ እያጎረሳቸው ቆየና፣ ቁልቁል ሲወርዱ አንድም ቀልድ ሳይወጣው፣ «ነገ ጠዋት እናስነሣዋለን» አለ።

እንዳለውም አስነሡት። ትልቁ ማሽን እንደ ወትሮው ስሞቹን ከመዝገቡ ይለያል፤ ክላውዱ ተቀብሎ በየጎብኚው ስልክ ይልካል፤ አሮጌውና አዲሱ አንድ ሥራ ተካፍለው ይሠራሉ። ዶኛ ኦቲሊያም የፕሮግራሙን ዓላማ በእጃቸው ጻፉበት። አዲሱ ቅጽ ሲሞከር ዳንኮ መጀመሪያ የእርሳቸውን ስም አስገብቶ፣ «አብሮዎት የሚኖር ሰው?» ብሎ ጠየቃቸው። «የለም» አሉት። እጁ ቆመ። «ጻፍ እንጂ ልጄ፤ ማሽኑ ያላፈረውን አንተ ለምን ታፍራለህ?» አሉት።

በዚህ ዓመት በነሐሴ ወር የሳንባ ሕመም ያዛቸው፤ ለማንም አልተናገሩም። በሕይወት መኖራቸውን የሚያስመሰክሩበት የመሥሪያ ቤቱ ቀጠሮም አለፋቸው። አንድ ሰኞ ማለዳ፣ የባሕሩ አየር ዜና እየተነበበ ሳለ፣ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ወደቁ። ስልካቸው ሩቅ ነበር። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ቢጣሩ ጎረቤት በሰማ ነበር፤ አልተጣሩም፤ መጣራት አልለመዱምና። በማግስቱ ረፋድ ላይ ጎብኚዋ ሴኞራ ኦርቴንሲያ የዶኛ ኦቲሊያን ስም በስልክ በደረሳቸው ዝርዝር ላይ አግኝተው መጡ፤ አንኳኩ፤ ደግመው አንኳኩ፤ ሬዲዮው እየተናገረ ሰው ዝም ቢል ጊዜ በሩን አስከፈቱ።

ዶኛ ኦቲሊያ አልጋቸው ላይ ተወስደው አምቡላንስ ሲጠበቅ፣ «በዝርዝሩ ስንተኛ ነኝ?» ብለው ጠየቁ።

«ሰባተኛ ነዎት፣ ዶኛ ኦቲ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ስምንተኛው አለልሽ አይደል» አሏቸው።

በሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ሲታከሙ ቆይተው፣ ልጃቸው አሪኤል ከሰሜን ደርሶ እጃቸውን ይዞ ሳለ፣ ዳንኮም በእግራቸው በኩል ቆሞ ሳለ፣ በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ብቻቸውን አልነበሩም።

ዶኛ ኦቲሊያ አንድ ወንድ ልጅ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሚሠራ አንድ ማሽን፣ እንዲሁም ስማቸውን እዚህ ቆመን ልንጠራ የማንችል፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎችን ትተው አልፈዋል። ሴኞራ ኦርቴንሲያ ዛሬ በመካከላችን የሌሉት ሳይወዷቸው ቀርተው አይደለም፤ የዚህ ወር ዝርዝር ገና አላለቀም።

በስም ሲጠሩ ድምፅ ያልነበራቸውን እኚህን እናት፣ እግዚአብሔር ሁለቴ ሳይጠራ እንዲያውቃቸው፣ በሩንም ሳያንኳኩ እንዲከፍትላቸው፣ ባሕር ካስቀረባቸው ከዶን ሬሚሂዮም ጋር በአንድ ገበታ እንዲያስቀምጣቸው እንለምነዋለን። አሜን።