ረጅም ጸሎት የሚችል ሞተር

ውድ ቤተሰቦች፣ የቤተ ክርስቲያናችን ምእመናን፣ እንዲሁም ሺፍት ቀይራችሁና ሥራ አስፈቅዳችሁ የመጣችሁ ወዳጆች፤ ዛሬ የምንሸኛቸው ወንድማችን ንግግር ሲረዝም ሰዓታቸውን የሚያዩ ሰው ስለነበሩ፣ በቀጥታ ወደ ታሪካቸው እንገባለን።

አቶ አባይነህ ዮፍታሄ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ የትራክተር መካኒክ ከነበሩት ከአባታቸው ከአቶ ዮፍታሄ ገመዳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፈለቀች ባልቻ በ1951 ዓ.ም ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ወንጂ፣ የሁለተኛ ደረጃውን ናዝሬት ተከታትለው፣ አዲስ አበባ ተግባረ ዕድ በመግባት የመኪና ጥገና ሙያ አጠኑ። በትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ ውስጥ፣ ተማሪ ውስጡን እንዲያይ ተብሎ መሐል ለመሐል የተቆረጠ ባለ ስምንት ሲሊንደር የአሜሪካ ሞተር ነበረ። አቶ አባይነህ እያንዳንዷን ብሎን ለይተው እስኪያውቁ ድረስ አጠኑት፤ ዳሩ ግን የተቆረጠ ሞተር አይነሳምና ድምፁን ሳይሰሙ ተመረቁ። ይህ ነገር ዕድሜ ልካቸውን ሲከነክናቸው ኖረ።

በሙያቸው አዲስ አበባ ጥቂት ዓመታት ከሠሩ በኋላ በናይሮቢ በኩል አድርገው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1990 ካልጋሪ ገቡ። መጀመሪያ የሆቴል አንሶላ አጠቡ፤ ቀጥሎም የመካኒክነት ፈተናውን በሁለተኛው ሙከራ አልፈው፣ በፔገን ትሬል አካባቢ በሚገኝ የከባድ መኪና ጋራዥ ሃያ ስምንት ዓመት አገለገሉ። በአገር ቤት ጋራዥ የለመዱትን የጣሊያን ቃል ይዘው ካንዴላውን ካንዴላ፣ ቴስታታውን ቴስታታ ከማለት ግን ካናዳም አላስጣላቸውም፤ እንዲያውም ፊሊፒናዊ ባልደረባቸው ካንዴላ አቀብለኝ ማለት ለምዶ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1993 በመዘምራን ውስጥ ያገኟቸውን ወይዘሮ ሠናይትን አግብተው ማትያስንና ምሥራችን ወለዱ። በኤሪን ውድስ ተከራይተው ከኖሩ በኋላ ፓይንሪጅ ቤት ገዙ። ቤቱን የመረጡት ከኋላ ባለው ጋራዥ ምክንያት ነው፤ ወይዘሮ ሠናይት ኩሽናው ጠበበ ሲሏቸው አልሰማ ብለው ነበር፤ ይህ እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ሠናይት ናቸው።

በ2019 ከስትራዝሞር ወዲያ ካለ የገበሬ መጋዘን አንዲት የ1970 ሸቬል መኪና ጎትተው አመጡ። ሞተሯ ደርቆ የማይዞር ነበር፤ ግን ያው ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ያው ተማሪ ቤት የተዉት ዓይነት ሞተር ነው። ጡረታ እንደወጡ ፈቱት። ሲሊንደሮቹን አስፍተው አስቦረቦሩ፣ ትልልቅ ፒስተኖች አስገቡ፣ ከባዱን የብረት ቴስታታ፣ የሞተሩን ክዳን ማለት ነው፣ በአሉሚኒየም ለወጡ፤ ከፋብሪካ ከወጣበት ጉልበት በላይ እንዲኖረው አደረጉ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ያላቸው ሰው ነበር፤ እሳቸውም ፈገግ ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሀይሌ፣ ማለትም አሁን ፊታችሁ ቆሞ የሚያነበው ሰው፣ ወደ ታሪኩ ይገባል። ጤፍ ብድር ያለውም እሱ ነው።

እንደምታውቁት በእኛ ዘንድ ቤትም ሆነ መኪና አዲስ ነገር ሲገኝ ሳይጸለይበት አይነካም። በኦክቶበር 2022 አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አቶ አባይነህ ሞተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስነሱ የጸሎት ቡድናችን ተጠራ። ሽማግሌ ሀይሌ ግን ዘግይቶ ደረሰ፤ ሲደርስ ሞተሩ ተነስቶ፣ አቶ አባይነህ ከአርባ ዓመት በላይ የናፈቁትን ድምፅ እየሰሙ ጥርሳቸው አልከደን ብሎ ነበር። ጩኸቱ ሰፈሩን አናግቶታል። ሽማግሌውም እጁን አንስቶ፣ ዝቅ አድርገው፣ በጌታ ፊት ነን እኮ አለ። አቶ አባይነህ ሽማግሌውን አዩ፣ የዘይቱን ግፊት የሚያሳየውን ጌጅ አዩ፣ እንደገና ሽማግሌውን አዩ። ታላቅን በሰው ፊት መመለስ የማያውቁ ሰው ነበሩና እግራቸውን ከነዳጁ ላይ አነሱ። ሽማግሌ ሀይሌም ከፈርዖን ሠረገሎች ጀምሮ እስከ ዲርፉት ትሬል መንገድ የክረምት በረዶ ድረስ ጸለየ። አሜን ተባለ፤ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ።

ስለ ሞተር የማታውቁ ብትኖሩ አይክፋችሁ፣ ይህ አንባቢም ያወቀው ከሰሞኑ ነው። ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍት የሚባለው፣ እሳቸው ያስገቡት ዓይነት ሲሆን በመጀመሪያው ቀን ሃያ ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ ከፍ አድርገው ካላሠሩት ዘይት በደንብ አይረጭበትም፤ ዝቅ ካለ እርስ በርሱ ተፋጭቶ ይበላል። ተበላም። በሳምንቱ ሞተሩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፤ ዘይቱ ሲቀዳ የብረት ደቃቅ ያብለጨልጭ ነበር። አቶ አባይነህ ሆድ ይፍጀው ብለው ሞተሩን አውርደው እንደገና እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈቱት። ለምን ፈታኸው ላላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፤ ትንሽ ላሻሽለው ብዬ ነው።

በጃንዋሪ 2024 የጉበት ካንሰር ተገኘባቸው። ማትያስ ተሠርቶ ያለቀ ሞተር ልግዛልህ ብሎ ቢለምናቸው እንቢ አሉ። ሕክምናው ፋታ በሰጣቸው ቀን ሁሉ ካፖርታቸውን ደርበው ጋራዥ ይገቡ ነበር፤ ጉልበታቸው ሲከዳቸው መምህርቷ ልጃቸው ምሥራች ብሎኑን ታጠብቃለች፣ እሳቸው ተቀምጠው ልኩን ይነግሯታል። ሽማግሌ ሀይሌ በዚያ ወራት ሊጠይቃቸው መጥቶ፣ አባይነህ፣ ሰው እንዲህ ሲታመም ነፍሱን ያዘጋጃል እንጂ ብረት ይፈታል ወይ ብሎ በባለቤታቸው ፊት ገሠጻቸው። ሁለት ክረምት ያስለፋቸውን ጥፋት ያጠፋው ራሱ መሆኑን አላወቀማ! እሳቸው ግን፣ ጋሼ፣ ትንሽ ናት የቀረችው ከማለት በቀር አልመለሱም። ወይዘሮ ሠናይት አፋቸው ላይ የደረሰውን ቃል በባላቸው ዓይን ተከልክለው መዋጣቸውን አሁን ነግረውናል።

በሜይ 2025 ሞተሩ ዳግመኛ ተነሣ። አቶ አባይነህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ምሥራች ቁልፉን አዞረች። ሽማግሌ ሀይሌ ገና በሩን ሲያልፍ አቶ አባይነህ ራሳቸው ሞተሩ ዝቅ እንዲል አደረጉና፣ ጋሼ፣ ዛሬ እንደልብዎ ይጸልዩ አሉት። እሱም አላሳፈራቸውም፤ ረዥም ነበር። መሐል ላይ ዓይኑን ገለጥ ቢያደርግ አቶ አባይነህ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ጌጁን ሲያዩ አገኛቸውና፣ በልቡ ወቀሳቸው። ይህንንም እንናዘዘው። ሞተሩ እስከ አሜን ድረስ አንድም ጊዜ አልተንገዳገደም። ቀጥሎ ባለው እሑድ ወይዘሮ ሠናይት እየነዱ በሸቬሏ ቤተ ክርስቲያን መጡ፤ የጭስ ማውጫዋ የማርሚታ ጩኸት የዝማሬውን መጀመሪያ እንዳስቆመው የምታስታውሱ አላችሁ።

አቶ አባይነህ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2025 በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ቤተሰቦቻቸው በዙሪያቸው ሳሉ ወደ ጌታ ሄዱ።

ይህ ታሪክ እንዲጻፍ ወይዘሮ ሠናይት ለአንባቢው የሰጡት ደብተር አለ፤ አቶ አባይነህ የሞተሩን ሥራ በየቀኑ የመዘገቡበት ነው። በኦክቶበር 2022 ገጽ ላይ፣ አራት ደቂቃ ሠራ፣ አሥራ አራት ደቂቃ ጸሎት፣ ይላል። በሳምንቱ፣ ካምሻፍቱ ተበላ፣ ለጋሼ እንዳይነገር። ከዚያ በታች ደግሞ፣ በሚቀጥለው ባለ ሮለር ካምሻፍት ይገባለታል፤ እሱ ከመጀመሪያው ቀን ዝቅ ቢል አይበላም፤ ጋሼ የፈለገውን ያህል ይጸልይ፣ ብለው ጽፈዋል። ሽማግሌ ሀይሌ ይህን ካነበበ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲያሾፍባቸውና ሲገሥጻቸው የኖረበት ሥራ፣ ለእሱ ጸሎት ቦታ ሊያበጁ የለፉበት ነበር። በሕይወት ሳሉ ይቅርታ ሊጠይቃቸው ቀርቶ ጥፋቱን እንዲያውቀው እንኳ አልፈቀዱለትም። ስለዚህ በእናንተ ፊት ይጠይቃቸዋል።

አቶ አባይነህ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሠናይትን፣ ልጆቻቸውን ማትያስንና ምሥራችን፣ የማትያስን ልጅ ናሆሚን፣ ወንጂ ያሉ ሁለት እህቶቻቸውን፣ እንዲሁም ካንዴላ ማለትን የለመዱ የሥራ ባልደረቦቻቸውን ትተው አልፈዋል። ሸቬሏ ከደጅ ቆማለች፤ ወደ መካነ መቃብሩ ምሥራች ትነዳታለች።

እንደ ልማዳችን ሽማግሌ ሀይሌ በጸሎት ይዘጋል። አቶ አባይነህ ሞተሩን ረጅም ጸሎት እንዲችል አድርገው ሠርተውታል፤ ዛሬ ያልቻለው የሚጸልየው ነው።

ጌታ ሆይ፣ አባይነህን ከድካሙ ስላሳረፍኸው እናመሰግንሃለን። ቤቱን አጽናናልን። እኔንም ይቅር በለኝ። አሜን።