ሳይወሰዱ የቀሩ ፎቶዎች

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ፎቶ መነሳት እንደናንተ ስልክ ከኪስ መምዘዝ አልነበረም። ሰው ከጨለለቅቱ፣ ከአሪቻ ተነስቶ ዲላ ፎቶ ቤታችን ድረስ ይመጣል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ፀጉሩን ውሃ ነካ ነካ ያደርጋል፣ ታዲያ ባለቤቴ ያነሳዋል፣ እኔ ጨለማ ክፍል ገብቼ ፊልሙን አጥባለሁ። «ከሳምንት በኋላ ና» ይባላል። ሳምንቱ ሲደርስ ዝናብ መንገዱን ይቆርጠዋል፣ ወይ የቡና ለቀማ ይደርሳል፣ ወይ ሰውየው ይታመማል፣ እና ፎቶው እዚያው ይቀራል። እኔ ደግሞ የሰው ፊት መጣል አይሆንልኝም። ከጀርባው ስምና አገሩን በእርሳስ እየጻፍኩ ካርቶን ውስጥ አስቀምጥ ነበር። ባለቤቴ ሞተ፣ ፎቶ ቤቱም ተዘጋ፣ ካርቶኑ ግን ከእኔ ጋር ቀረ።

ታዲያ አምና እዚህ ዲላ ወጣቶች የፎቶግራፍ ማኅበር አቋቋሙ። የምትመራቸው ሕይወት የምትባል አስተማሪ ናት። ቤቴ መጣችና «እማማ፣ አሮጌ ፎቶ ካለዎት ያሳዩን» አለችኝ። ካርቶኑን ስከፍትላት አንድ በአንድ እያነሳች ከጀርባ የጻፍኩትን አነበበችና፣

«ለምን ለባለቤቶቹ አናደርስም?»

«ስንቱ ሞቷል ልጄ!»

«የቀረውስ?»

እና በዚህ ዕድሜዬ በጎ ፈቃደኛ ሆንኩላችሁ! ቅዳሜ ቅዳሜ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ከሕይወት ኋላ ሞተር ላይ ተፈናጥጬ፣ ከገበያ ገበያ ፎቶ እያሳየሁ። ጪጩ ገበያ ላይማ «እኚህ አሮጊት ምን ይሸጣሉ?» ብለው ሳቁብኝ።

አንድ ቀን ጨለለቅቱ ገባን። የያዝኩት የሁለት ልጃገረዶች ፎቶ ነው፣ ተቃቅፈው የቆሙ። ከጀርባው «ብርቄና እህቷ» ይላል፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ። ጠይቀን ጠይቀን ብርቄ ቤት ደረስን። እኩያዬ ናት፣ እንሰት ስትፍቅ አገኘናት። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ፎቶውን ተቀበለችኝ። አየችው፣ አየችው። አፏን የፈታችው በአማርኛ አይደለምና፣ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

«ይሄ እህቴ ነው!» አለች። «ይሄ ሎሚቱ ነው!»

ሎሚቱ ፎቶውን በተነሱ በዓመቱ በወሊድ ነው የሞተችው።

«ፊቱ ጠፍቶብኝ ነበር» አለችኝ። «ላስታውስ እላለሁ፣ እምቢ ይለኛል። ስንት ዓመት እምቢ አለኝ!» ከዚያ ሌላኛዋን በጣቷ ነካ አደረገችና «ይሄስ ማነው?» አለች።

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ? ውሸት! እኔ እንዲህ ቆንጆ ነበርኩ?»

ሳቀች፣ ሳቋ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ሕይወት ካሜራዋን አውጥታ ነበር፣ ግን አላነሳችም፣ እንደያዘችው ቀረች። ይሄን ወደድኩላት።

ታዲያ ብርቄ እንባዋን ጠርጋ «ፎቶ አንሺው የት አለ?» አለችኝ።

«ባለቤቴ ነበር። ሞቷል።»

«ውይ! እሱ እኮ ጥሩ ሰው ነበረ። ሎሚቱ ፈርቶ አልስቅም ሲል፣ ያ የካሜራው ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ገባና፣ ‹እናንተ ልጆች፣ እዚህ ውስጥ ፍየል አለ፣ ዝም በሉ!› አለ። ከዚያ ‹ሜኤኤኤ!›»

አንገቷን አስግጋ፣ ድምፅዋን ወፍራም አድርጋ፣ ቁጭ እሱን! እናንተዬ፣ እኔ ምን ልበላችሁ። ቤት ውስጥ ያ ሰው ኮስታራ ነበር። ሲስቅ ያየሁበትን ቀን እቆጥርላችኋለሁ። ፎቶ ቤት ደግሞ እኔ ጨለማ ክፍል ነኝ፣ እሱ ወዲያ ነው። የሰዉ ፊት ማጠቢያ ውሃው ውስጥ እየሳቀ ሲወጣ አያለሁ፣ ሁልጊዜ አያለሁ፣ ማን አሳቃቸው ብዬ ግን አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። አንድ ቀን! ብጠይቀው ምን ነበረበት? ለእኔም ፍየል ይሆንልኝ ነበር እኮ።

ከዚያ ወዲህ የሄድንበት ቤት ሁሉ እጠይቃለሁ፤ «ሲያነሳችሁ ምን አላችሁ?» አሪቻ ላይ አንድ ሽማግሌ «እኔንስ ዶሮ ሆኖ ነው ያሳቀኝ» አሉኝ። ዶሮ! ያ ኮስታራ!

አሁን የቀሩት ጥቂት ናቸው፣ እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰስቻለሁ፤ ካለቁ እሱን የሚያወራልኝ የለም። ባለፈው ሕይወት «ቅዳሜ ሦስቱን እናድርስ» ስትለኝ «አንዱ ይበቃናል፣ ወገቤን አሞኛል» አልኳት። ነቅታብኛለች መሰል፣

«እማማ፣ ሰዎቹ እኮ እያረጁ ነው!» አለችኝ።

«እኔስ?» አልኳት።

ሃሃሃ! ግን እውነቷን ነው። ሦስቱንም ይዣቸው እወጣለሁ። ካለቀም ይለቅ እንግዲህ፣ የሰው ፊት አይያዝም።