ከሳንባ በፊት፣ ከሳንባ በኋላ

አጎቴን ያገኘኋቸው ሳላስበው ነው። ልጠይቃቸው የሆስፒታሉን ደረጃ ስወጣ፣ እሳቸው በሕመምተኛ ልብስ ላይ ካፖርት ደርበው፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ይወርዳሉ። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ቤቴ! በአንገቴ ሽቦ አስገብተው ልቤ ሊያደርሱ ነው አሉ።»

«ሽቦ ሳይሆን ቀጭን ቱቦ ነው።»

«ስሙን ስላሳመርከው አይወጋኝም? ደም ከፈለጉ ክንዴ ይኸው፤ ደም ደም ነው። አጠገቤ የተኛው ሰውዬ ትናንት ለዚሁ ገብቶ አልተመለሰም።»

ሰውዬው የት እንደደረሰ እኔም አላውቅም። ባሕር ተሻግሬ ለዓመታት ስለ ሳንባ ብማርም፣ ለገዛ አጎቴ በምን ቋንቋ እንደምነግራቸው ግን ማንም አላስተማረኝም። ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። ደረጃው ላይ አስቀመጥኳቸው። ሠላሳ ዓመት የከተማውን ውሃ ማጣሪያ የተቆጣጠሩ ሰው ናቸውና በዚያ በኩል ጀመርኩ።

«ሳንባ ሥራው አየር ማስገባት ብቻ አይደለም። ደም ሥርን የሚያጠብብ ንጥረ ነገር በደማችን ውስጥ ይዞራል። ጤነኛ ሳንባ ደሙ ባለፈ ቁጥር ግማሽ ያህሉን ለቅሞ ያስቀራል። ሐኪሞቹ በጠረጠሩብዎ የሳንባ ደም ግፊት ሕመም ግን ይህ ማጣሪያ ሊደክም ይችላል። ያን ጊዜ ንጥረ ነገሩ ይበዛል፣ ደም ሥሩ ይጠብባል፣ ልብም እየገፋ ይዝላል።»

«ታዲያ ከክንዴ ቀድተው አይዩትም?»

«እርስዎ የማጣሪያውን ሥራ የሚያውቁት ከየት ቀድተው ነበር?»

«ከመግቢያውም ከመውጫውም ነዋ! ከመውጫው ብቻ ቀድቶ የመጣ ሰነፍ አባርሬ አውቃለሁ። ምን እንደገባ ሳታውቅ ምን እንደቀረ በምን…»

ክንዳቸውን ዘርግተው አዩት።

«የክንድዎ ደም ቅዳ ከሳንባ የወጣውን ደም ስለሚያመጣ መውጫው ነው» አልኳቸው። «ወደ ሳንባ መግቢያው ያለው በልብ በኩል ነው። ግፊቱም በትክክል የሚለካው እዚያው ነው፤ መድኃኒቱም በልኩ ይመረጣል።»

«እሞታለሁ?»

«አደጋ ጨርሶ የለውም ብዬ አልዋሽዎትም። ትንሽ ነው። ሳይለካ መቅረቱ ግን የባሰ ነው።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ሁሉም ‹አይዞህ› እያለኝ ነው የሚያልፈው። እንዲህ ያለኝ የለም።»

እውነት ነው። ሕመምተኛን በአይዞህ ብቻ መሸኘት ለምዶብናል፤ ያልተነገረውን ደግሞ ፍርሃቱ ይሞላለታል። በሥራው ቋንቋ ቢነገረው ግን በጊዜ ይመረመራል፣ ልቡ ሳይደክም መድኃኒቱን ይጀምራል።

«የመግቢያውንም የመውጫውንም ቁጥር መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ፤ ንገራቸው» ብለው ተነሡ። ደግፌያቸው ሽቅብ መውጣት ጀመርን። በሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆም አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ለምን እንዲህ አጥብቀህ ትይዘኛለህ? ቱቦው የሚገባው እኔ ውስጥ አይደል?»