ውሃ ይዤልሻለሁ

ነይ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ። ይሄኛው አግዳሚ አይነቃነቅም። ማራገቢያው ዛሬም ይጮኻል... እኔ በአንቺ ዕድሜ ሳለሁም ይጮኽ ነበር። እንኪ፣ ውሃ ይዤልሻለሁ። ውሃ ልግዛ ብለሽ ከዚህ እንዳትነሺ።

ፈራሽ እንዴ? ካንሰር እኮ ይድናል። እኔን አታዪኝም?

አባትሽ ማዶ ካርድሽን ታቅፎ ተቀምጧል፤ ተይው፣ ይረፍ። ቢሰማም ግድ የለም፤ ስለ እሱ አይደለም የማወራው። አንድ ሌላ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው።

ደግ ሰው ነው። አናጢ ቤት መጋዝ ስገፋ፣ ጣውላ ላይ ሳድር ከርሜ የታመምኩ ጊዜ፣ ተሸክሞ እዚህ ያመጣኝ እሱ ነው። አይካድም። ሐኪሙ ሲጠራን ግን እሱ... «ሂድ፣ ውሃ ገዝተህ ና» አለኝ። ምን ያድርግ? በእኛ ቤት ለበሽተኛ በሽታውን መንገር ነውር አይደል?

ስመለስ ነገሩ አልቋል። «ምን አለ?» ብለው፣ «ትድናለህ አለ» አለኝ። ዋሸ? አልዋሸም። ዳንኩ። መድኃኒቱ ዘር እንደሚያደርቅ፣ ሳይጀመር ግን ዘር ወስደው በበረዶ እንደሚያስቀምጡ... ይሄ ላጤ ልጅ ፊት ይወራል? ጨዋ ነዋ! በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እውነት ነው፣ አልገባበትም። እኔም ቤት ማንም አልገባ።

አግብቼ፣ ልጅ እንቢ ብሎን ብመጣ፣ ያው ሐኪም «ያኔ ላስታማሚህ ነግሬው ነበር እኮ፤ አይፈልግም አለኝ» አለ። አየሽ አሳቢነቱን? የማልፈልገውን እንኳ ያውቅልኛል።

ሚስቴ? ደህና ናት። ወልዳለች አሉ... እሄደችበት።

ከመሞት መሰንበት ይባላል። ይኸው፣ ሰነበትኩ።

ያን በሩ ላይ የተለጠፈውን አነበብሽው? የሴት ልጅም እንቁላል ይቀመጣል ይላል። መድኃኒቱ ሳይጀመር ነው ታዲያ። ሐኪሟ ዛሬ የጠራችሽ ለሌላ ይመስልሻል? አንቺ ግን ምን አግብቶሽ... ገና ልጅ ነሽ። የሚመልስልሽ ሰው አይጠፋም።

ይኸው፣ በሩ ተከፈተ። ስምሽን ነው የጠሩት፣ የአስታማሚ አይደለም። አባትሽም ተነሳ... ምን አለሽ? ውሃ ግዢ? አለን በዪው። ጠርሙሱን ይዘሽ ግቢ፤ እሱም ከጠማው ከእኔ ጋር እዚህ ይጠጣል።

ሂጂ፣ የኔ ልጅ። አንቺን ፈጣሪ ይማርሽ። ለአባትሽም ዕድሜ ይስጥልን፣ ክፉ አይንካው። እሱ እኔን ለአጎትነት እንዳበቃኝ፣ ፈጣሪ እሱን ለአያትነት ያብቃው።