የትኛው ብረት ይሻላል?

እዚህ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር፣ ምግብ ቤቴ ውስጥ ነው። ልጄ ሃና ስልኳ ላይ ሰይፍና የብረት ልብስ እየሠሩ የሚዋጉበት ጨዋታ ይዛለች። አጠገቧ የዘወትር ደንበኛዬ ጋሽ ሃብቶም ምሳ ይበላሉ። አስመራ ተወልደው አማርኛን በወታደርነት የለመዱ ሰው ናቸው። ሃና ደግሞ እዚሁ ስላደገች አማርኛዋ እንዳመጣላት ነው። "ጋሼ፣ የትኛው ብረት ይሻላል? አንዱ ላይት ነው፣ ሌላው ሄቪ ነው ግን ስትሮንግ" አለቻቸው። እሷ ሰይፍ የሚሠራበትን ብረት ማለቷ ነው፤ እሳቸው የሰሙት ጠመንጃ። ያነሱት ጉርሻ አፋቸው ሳይደርስ ቆመ። እኔም ደነገጥኩ፤ እኚህ ሰው ስለ ጦርነት አንድም ቀን ተንፍሰው አያውቁም።

"ልጄ፣ የሚሻለው መሬት ያስቀመጥሽው ነው" አሏት።

ልቆጣት አፌን ስከፍት ሃና ሳቀችና ስልኩን አሳየቻቸው። "ኖ ጋሼ፣ ጌም እኮ ነው! ካስቀመጥኩት ይገድሉኛል።"

መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት። "እኛንም እንዲሁ ነበር ያሉን" አሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደሷ አስጠጉ። "በይ ቀላሉን ያዢ፤ ለመሸሽ ይመቻል።"